በሽታና የአእምሮ የማስፈጸም ችሎታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ስትሮክ፣ ኤችአይቪ፣ ፓርኪንሰንና መሰል ሕመሞች ማቀድን፣ ማተኮርንና ራስን መግታትን እንዴት እንደሚነኩ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁት እዚህ ተሰብስቧል።

ኤግዚኪዩቲቭ ፈንክሽን የሚባለው ምንድን ነው?

አንድን ሥራ አቅዶ ለመጀመር፣ መሐል ላይ ሳይዘናጉ ለመግፋት፣ ሁኔታው ሲለወጥ አካሄድን ለመቀየር፣ በመጨረሻም ለመጨረስ የሚያስችሉ የአእምሮ ችሎታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። እዚህ ገጽ ላይ የማስፈጸም ችሎታ እያልን እንጠራዋለን።

ሚያኬና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሦስት መሠረታዊ ክፍሎች ተለይተዋል፤ ዛሬም አብዛኛው ተመራማሪ የሚነሳው ከእነዚህ ነው። አንደኛው ራስን መግታት ነው፦ አፍ ላይ የመጣን ቃል መዋጥ፣ እጅ የለመደውን ነገር ማስቆም። ሁለተኛው በሥራ ትውስታ ውስጥ የያዙትን ማደስ ነው፦ የሒሳብ ድምር እየሠሩ የቅድሙን ውጤት ይዞ በአዲሱ መተካት። ሦስተኛው መቀያየር ነው፦ ከአንድ ሕግ ወይም ሥራ ወደ ሌላው ሳይጣበቁ መሻገር። ሦስቱ ይዛመዳሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። አንዱ ክፉኛ ተጎድቶ ሌላው ደህና ሊሆን ስለሚችል «የማስፈጸም ችሎታው ቀንሷል» ሲባል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመርሳት በምን ይለያል?

የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ አይቀመጥለትም። የማስፈጸም ችግር ያለበት ሰው ግን ነገሩን ያውቃል፣ በጊዜው አውጥቶ መጠቀም ነው የሚያቅተው። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን አስተካክሎ ይነግርዎታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጠ ይቀራል። ሲያስታውሱት «አዎ፣ ልወስድ ነበር» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

ሐኪሞች ልዩነቱን የሚያዩበት ቀላል መንገድ አለ። አምስት ቃላት ያስጠኑና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠይቃሉ። ቃሉ ሲጠፋ «የፍራፍሬ ስም ነው» ብለው ይጠቁማሉ። በጥቆማው ትዝ ካለው ቃሉ ተቀምጦ ነበር፣ ፍለጋው ነው የተቸገረው። ጥቆማም ምርጫም ተሰጥቶት ካልመጣለት አለመቀመጡን ያሳያል፤ ይህኛው አልዛይመር ላይ ይበልጥ ይታያል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ።

ልዩነቱ ለቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። መርሳትን ሰው ሁሉ እንደ ሕመም ያየዋል። የማስፈጸም ችግር ግን ስንፍና፣ ግዴለሽነት ወይም እልኸኝነት ይመስላል፣ ሰውየውም ባልሠራው ጥፋት ሲወቀስ ይኖራል።

የሚቆጣጠረው የትኛው የአንጎል ክፍል ነው?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከግንባር ጀርባ ያለው የፊተኛው ክፍል ነው። በ1848 በቨርሞንት ግዛት የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበረው ፊኒየስ ጌጅ የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን በስቶት ካለፈ በኋላ ተርፎ፣ መናገርና መራመድ እየቻለ ጠባዩና ዕቅድ የመያዝ አቅሙ መለወጡ ሐኪሞችን ወደዚያ አቅጣጫ መርቷቸዋል። ይህ ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ከሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው።

ይሁንና የፊተኛው ክፍል ብቻውን አይሠራም። አሌክሳንደር፣ ዴሎንግና ስትሪክ በ1986 እንደገለጹት፣ ከፊተኛው ክፍል ተነስተው በአንጎል ጥልቅ ውስጥ ባሉ የነርቭ ሴሎች ጥርቅሞችና ታላመስ በተባለው ክፍል በኩል ዞረው የሚመለሱ ትይዩ የነርቭ መስመሮች አሉ። መስመሩ በየትኛውም ቦታ ቢቆረጥ ምልክቱ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። በአንጎል መሐል የተፈጠረች በጣም ትንሽ ስትሮክ፣ ግንባሩ በምስል ሙሉ በሙሉ ጤነኛ እየመሰለ፣ ሰውየውን ከዕቅድ ሊያፋታው የሚችለው ለዚህ ነው።

የትኞቹ ሕመሞች ይጎዱታል?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ መንገዳቸው ግን ወደ ጥቂቶች ይጠቃለላል። የደም ሥር በሽታዎች ማለትም የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ስትሮክ፣ የልብ ድካምና የኩላሊት በሽታ ትናንሾቹን የአንጎል ደም ሥሮች እያጠበቡ የነርቭ መገናኛ ገመዶች ያሉበትን ነጭ ክፍል ይጎዳሉ። መጀመሪያ የሚታየው የአስተሳሰብ ዝግታና የማስፈጸም ችግር ነው፤ ትውስታ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በማጭድ ሴል የደም በሽታ የሚኖሩ ሕፃናትም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፦ ምንም የውጭ ምልክት ያላሳየ «ዝምተኛ» የአንጎል ጉዳት ትምህርታቸውን ያዳክማል።

ፓርኪንሰንና በዘር የሚወረሰው የአንጎል በሽታ ሀንቲንግተን ከላይ የተጠቀሱትን ጥልቅ መስመሮች በቀጥታ ይነካሉ። ፓርኪንሰን ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ለእንቅስቃሴ የሚሰጠው የዶፓሚን መድኃኒት አንዳንዱን የማስፈጸም ሥራ ሲያሻሽል ሌላውን ሊያባብስ ይችላል፤ ምክንያቱም በሽታው መጀመሪያ ላይ ሁሉንም የአንጎል ክፍል እኩል አያደርቅም፣ ገና ደህና የሆነው ክፍል ከሚበቃው በላይ ያገኛል። በተለይ ፕራሚፔክሶልን የመሰሉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ድንገት ቁማር ወይም ገደብ የለሽ ግዢ ከጀመረ የጠባይ ብልሽት ብለው አይለፉት፣ ሳይዘገዩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭ ሽፋንን የሚጎዳ በሽታ)፣ የጭንቅላት አደጋ፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ስኪዞፍሬኒያ፣ ድባቴ፣ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር)፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የካንሰር ኬሞቴራፒ፣ የቆየ ሕመም፣ ከኮቪድ በኋላ የሚዘልቅ ድካምም በዚሁ ይጠቀሳሉ። ድባቴ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም አንዳንዱ ሰው ላይ የማተኮርና የማቀድ ችግሩ መቆየቱ ነው። «ድነሃል፣ አሁን ምን ሆንክ?» ከማለት በፊት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ስኳሬንና ግፊቴን ብቆጣጠር አእምሮዬን እጠብቃለሁ?

ግፊትን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ስፕሪንት ማይንድ የተባለው በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ስኳርም ስትሮክም ያልነበረባቸው 9,361 የደም ግፊት ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ የላይኛውን ቁጥር በአንዱ ቡድን ከ120 በታች፣ በሌላው ከ140 በታች ለማድረግ ሠርቷል። ከ120 በታች በታለመው ቡድን ቀላል የማሰብ አቅም መቀነስ በ19 በመቶ አንሶ ታይቷል። የመርሳት በሽታም ያነሰ ይመስላል፣ ልዩነቱ ግን ከአጋጣሚ ለመለየት የሚበቃ አልነበረም። ይህ ማለት ሰው ሁሉ 120 ላይ ይውረድ ማለት አይደለም፤ ሲነሱ የሚያዞራቸውና የሚወድቁ አረጋውያን ላይ ዒላማው በሐኪም ይወሰናል።

ስኳር ላይ ነገሩ ይለያል። አኮርድ ማይንድ የተባለው ጥናት የደም ስኳርን በጣም አጥብቆ መቆጣጠር በመደበኛው ከመቆጣጠር የተሻለ የአእምሮ ጥቅም እንዳላሳየ በ2011 ዘግቧል። ዋናው አኮርድ ጥናት ደግሞ በአጥብቆ መቆጣጠሩ ቡድን የሞት ቁጥር ስለጨመረ ያ ክፍል በ2008 ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። ስኳር ክፉኛ ሲወርድ አንጎል ነዳጅ ያጣል፣ ደጋግሞ መውረዱም በኋላ ከሚመጣ የመርሳት በሽታ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ አደገኛ አዙሪት አለ። የማስፈጸም ችሎታው የቀነሰ ሰው ኢንሱሊን ወግቶ ምግቡን ያዘገያል፣ ወይም መውጋቱን ተጠራጥሮ ይደግማል፤ ስኳሩ ይወርዳል፤ መውረዱ አእምሮውን ይበልጥ ያዳክማል። ስለዚህ የማሰብ አቅማቸው ለቀነሰ አረጋውያን የሕክምና መመሪያዎች የሦስት ወሩን አማካይ ማለትም ኤችቢኤዋንሲን ላላ አድርገው ከ8 በመቶ በታች ያደርጉታል፣ ቀኑን ሙሉ በርካታ መርፌ የሚጠይቀውንም ሕክምና ማቅለልን ይመክራሉ። የወላጅዎ ስኳር ከተደጋጋሚ መውረድ ጋር «በጣም ጥሩ» ከሆነ ቁጥሩን አያወድሱት፣ ሐኪሙን ያናግሩ።

የኤችአይቪ መድኃኒት በትክክል እየወሰድኩ ነው፤ አሁንም አእምሮዬ ይነካል?

ከባዱ የኤችአይቪ የመርሳት በሽታ ቫይረሱን በሚቆጣጠር ሕክምና በጣም ቀንሷል። ቀላል የዝግታና የትኩረት ችግር ግን ቫይረሱ ደም ውስጥ በማይታይባቸው ሰዎችም ላይ ይገኛል። ከመታከም በፊት የደረሰ ጉዳት፣ የቆየ ብግነት፣ ግፊትና ስኳር፣ ድባቴ፣ አልኮል እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች አስተዋጽኦ አላቸው፤ ኤፋቪረንዝ ለምሳሌ ቅዠት፣ ማዞርና የትኩረት መበተን ያመጣል። መድኃኒቱ ከተጠረጠረ የሚቀየረው በሐኪም ነው፣ በራስ ማቋረጥ ቫይረሱን መልሶ ያነሳዋል።

በ2007 የወጣው የፍራስካቲ መስፈርት ችግሩን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያው «ምልክት የለሽ» የሚባለው፣ ኑሮ ሳይታወክ በፈተና ብቻ የሚገኘው ነው። ይህኛው ደረጃ ብዙ ተተችቷል፣ ትችቱም ተገቢ ነው፤ ጤነኛ ሰዎችንም ታማሚ ብሎ የመፈረጅ ዝንባሌ አለው። ለምን እንደሆነ ከታች ስለ ጥናቶች በሚጠይቀው ክፍል ይብራራል።

ምርመራው ምን ይመስላል?

አብዛኛው በወረቀት፣ በእርሳስና በሰዓት መቁጠሪያ ነው። በጣም የታወቀው ነጥቦችን የማገናኘት ፈተና ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተበተኑ ከ1 እስከ 25 ያሉ ክቦችን በቅደም ተከተል እርሳስ ሳያነሱ ያገናኛሉ። በሁለተኛው ቁጥርና ፊደል ያፈራርቃሉ፦ 1፣ ሀ፣ 2፣ ለ፣ 3፣ ሐ እያሉ። ስህተት ሲሠራ መርማሪው ወዲያው ያርማል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም፤ 300 ሰከንድ ካለፈ ይቋረጣል። የሚታየው የሁለተኛው ጊዜ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ራሱ ዘግይቶ ከሆነ ችግሩ እጅ፣ ዓይን ወይም አጠቃላይ ዝግታ ሊሆን ይችላል፤ የመቀያየር ችግርን የሚያመለክተው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የፊደል ቅደም ተከተል ላልለመደ ሰው ደግሞ ቁጥርና ቀለም የሚያፈራርቅ ዓይነት አለ።

በስትሩፕ ፈተና «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ የቀለሙን ስም እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ማንበቡን መግታት ነው ሥራው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን መዘርዘር፣ ቁጥሮችን ወደ ኋላ መድገም፣ ጡጫ፣ የእጅ ጠርዝና መዳፍ እያፈራረቁ ጠረጴዛ መምታትም አሉ። ፋብ የሚባለው ከ18 ነጥብ የሚታረም አጭር የፊተኛው ክፍል ምርመራ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ሰዓት መሳል ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ግን ይናገራል። 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ትልቁ ዘንግ 2 ላይ ማረፍ አለበት። የመግታት ችግር ያለበት ሰው «10» የሚለውን ድምፅ ተከትሎ ዘንጉን 10 ቁጥር ላይ ያሳርፈዋል። ቁጥሮቹን ሳያቅድ ከላይ ጀምሮ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ግማሹ ክብ ላይ 12 ሲደርስ ሌላው ግማሽ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን አሳሳሉን ያያል።

አባቴ ከ30 ነጥብ 24 አገኙ። የመርሳት በሽታ ነው ማለት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ፈተና እንደሆነ ይጠይቁ። በ1975 የወጣው ኤምኤምኤስኢ እና በ2005 የወጣው ሞካ ሁለቱም ከ30 ይታረማሉ፣ ግን አይመሳሰሉም። ኤምኤምኤስኢ ማስፈጸምን እምብዛም አይፈትሽም፤ ማቀድ ያቃተው ሰው እዚያ 29 ሊያገኝ ይችላል። ሞካ ነጥብ ማገናኘት፣ ሰዓት መሳልና የቃላት ዝርዝር ስላሉት ይከብዳል።

ሞካ ላይ 26 እና በላይ ደህና ነው ይባላል፤ 12 ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ለተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይጨመራል። ያ አንድ ነጥብ ግን አራት ዓመት ተምሮ ያቆመን ሰው ከዲግሪ ባለቤት ጋር አያስተካክልም። ወሰኑ 26 ሲሆን ጤነኞችም እንደ ታማሚ ስለሚያዙ፣ ወደ 23 ዝቅ ቢል ይህ ስህተት እንደሚቀንስ ያሳዩ ትንታኔዎች አሉ። ስለዚህ እነዚህን ያጣሩ፦ ፈተናው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር? መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን አድርገው ነበር? ሌሊቱን ተኝተዋል? ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የስኳር መውረድ ነበር? የጠፉት ነጥቦች የትኞቹ ናቸው? አምስቱም የትውስታ ነጥቦች ከአንድ ሌላ ነጥብ ጋር ጠፍተው የተገኘ 24 እና ከሰዓት፣ ከማገናኘትና ከመቀነስ ሒሳብ ተለቃቅመው የጠፉበት 24 የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ። ምርመራ የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ሊስተካከል የሚችል መንስኤ አለ?

አለ፣ መፈለግ ያለበትም መጀመሪያ ነው። በደም ምርመራ ቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ ሶዲየምና ካልሲየም፣ ኩላሊትና ጉበት ይታያሉ፤ እንደ ሁኔታው ኤችአይቪና ቂጥኝም ይመረመራሉ። ቢ12 ደም ማነስ ሳያመጣም ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል «ደምህ ሙሉ ነው» መባሉ ብቻውን አያስቀረውም። አንጀትና ሆድ ላይ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱና የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የማይበሉ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ቀጥሎ መድኃኒቶችን በከረጢት ሰብስበው ለሐኪም ያሳዩ፣ ያለ ማዘዣ የተገዙትንም ጨምሮ። ለድባቴና ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ እንደ ዲፈንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂና የጉንፋን ክኒኖች፣ ለፊኛ የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ እንዲሁም ዳያዜፓምና መሰል ማረጋጊያዎች አረጋውያን ላይ የአእምሮ ጭጋግ ያመጣሉ። ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ የሚጥል ሕመም ሊነሳበት ስለሚችል ቀስ እያለ በሐኪም ክትትል ነው የሚቀነሰው።

የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆምና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሲፓፕ በተባለው የአየር መሣሪያ ሲታከም የቀን እንቅልፉ በግልጽ ይሻሻላል፤ የማስፈጸም ፈተና ላይ የሚታየው ለውጥ ግን አነስተኛ ነው፣ ተአምር አይጠብቁ።

መቼ ነው ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት?

ለውጡ በሰዓታት ወይም በቀናት ከመጣ። ትናንት ደህና የነበረ አረጋዊ ዛሬ ቢቀባዥር፣ ሐሳቡ ቢበታተን፣ አንዴ ቢነቃ አንዴ ቢደነዝዝ ይህ ዴሊሪየም ይባላል፤ ከበስተጀርባው የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የመድኃኒት ጉዳት ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር አለ። ፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም የንግግር መያዝ ካለ ስትሮክ ነው ብለው ይሩጡ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትም ይያዙ። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ወዲያው ስኳሩን ይለኩ።

የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታዎች ይረዳሉ?

የሚጫወቱት ጨዋታ ላይ ጎበዝ ያደርጋሉ። አክቲቭ የተባለው 2,832 አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ትውስታን፣ አመክንዮንና የማስተዋል ፍጥነትን ለየብቻ አሠልጥኖ፣ እያንዳንዱ ሥልጠና ያሻሻለው የሠለጠነበትን ችሎታ እንጂ የሌላውን እንዳልሆነ አሳይቷል። ወደ ኑሮ መሻገሩ ነው ዋናው ችግር።

የተሻለ ተስፋ ያሳየው ብዙ ነገር አብሮ መሥራት ነው። በፊንላንድ የተካሄደውና በ2015 የታተመው ፊንገር ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል፤ ግማሾቹ የአመጋገብ ምክር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ሥልጠናና የግፊትና የስኳር ክትትል በአንድነት አግኝተዋል። በማስፈጸም ችሎታ የታየው መሻሻል ከሌላው ቡድን በ83 በመቶ በለጠ። ይህ ቁጥር በየማስታወቂያው ስለሚዞር ሚዛኑን ልንነግርዎ ይገባል፦ በአጠቃላዩ የአእምሮ መለኪያ የአንዱ ቡድን መሻሻል 0.20፣ የሌላው 0.16 ነበር። ሁለቱም ተሻሽለዋል፣ ልዩነቱ እውነተኛ ግን ትንሽ ነው። ለጨዋታ መተግበሪያ በየወሩ ከመክፈል ይልቅ ያንን ጊዜ ለእግር ጉዞ ቢያውሉት ቢያንስ ግፊትዎና እንቅልፍዎ ይጠቀማሉ።

ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን?

መርሁ አንድ ነው፤ አእምሮ ውስጥ ይያዝ የነበረውን ወደ ውጭ ማውጣት። ምክርና ቁጣ አይሠሩም፣ ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት አላጣውምና። ከመድኃኒት ይጀምሩ፣ ስህተቱ በጣም የሚያስከፍለው እዚያ ስለሆነ። ሐኪሙን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ወደሚወሰድ እንዲያቀለው ይጠይቁ። ቀኖችና ሰዓቶች የተከፈሉበት የሳምንት የክኒን ሳጥን ይግዙና በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ሰው ይሙላው። ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ አይደብቁት፤ ሁልጊዜ ከሚደረግ ነገር አጠገብ፣ ለምሳሌ ከጥርስ ብሩሽ ጎን ያኑሩት። ዕቅዱም «ጠዋት እወስዳለሁ» ሳይሆን «ጥርሴን እንደቦረሽኩ ክኒኑን እውጣለሁ» ተብሎ ይያያዝ። እንዲህ ጊዜንና ድርጊትን ያጣመረ ዕቅድ ከባዶ ፍላጎት ይልቅ እንደሚፈጸም በተደጋጋሚ ታይቷል።

የስልክ አላርም ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ሰውየው ሌላ ሥራ ላይ ሳለ ስለሚጮህ ነው፤ ያጠፋውና «ይህን ጨርሼ» ይላል፣ ከዚያ ያልቃል። አላርሙ የሚጮኸው መድኃኒቱ ባለበት ክፍል ይሁን፣ ተነስተው ካልሄዱ የማይጠፋ። መድኃኒቱ ሲወሰድ ብቻ ምልክት የሚደረግበት ወረቀትም ድጋሚ መውሰድን ያስቀራል።

ሌላውን ሥራ በደረጃ ይከፋፍሉ። «ክፍልህን አጽዳ» የሚለው ትእዛዝ ውስጥ አሥር ውሳኔዎች አሉ፤ «መጀመሪያ የሚታጠበውን ልብስ ቅርጫት ውስጥ ክተት» አንድ ነው። መጀመር ያቃተውን ሰው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች አብሮ መሥራት ከርቀት ከመወትወት ይሻላል። ግብን የማስተዳደር ሥልጠና የሚባለው ዘዴም ሕሙማንን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ ቁም፣ የያዝከው ሥራ ምን እንደሆነ ለራስህ ንገር፣ ደረጃዎቹን ዘርዝር፣ አንዱን ሥራ፣ ከዚያ አሁንም እሱ ላይ መሆንህን አጣራ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፉ። ከባድ ውሳኔና የባንክ ጉዳይ ሰውየው ንቁ በሆነበት ሰዓት ይደረግ።

መኪና መንዳት ይቻላል?

አንድም የወረቀት ፈተና ብቻውን አይወስነውም። የነጥብ ማገናኛው ሁለተኛ ክፍል ላይ በጣም መዘግየት ማስጠንቀቂያ ነው፣ ፍርድ ግን አይደለም። የሚታመነው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር መንገድ ላይ ወጥቶ መፈተን ነው። በመኪናው ላይ አዳዲስ ጭረቶች፣ በለመዱት መንገድ መሳሳት ወይም መታጠፊያ ላይ ማመንታት ከታየ ምርመራው እስኪጠናቀቅ መሪውን ሌላ ሰው ይያዝ።

ፈተናውን ሁሉ አለፈ፤ ኑሮው ግን ተበላሽቷል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህ የታወቀ ክስተት ነው፣ ቤተሰቡም አላጋነነም። ሻሊስና በርጀስ በ1991 የፊተኛው ክፍል ጉዳት የደረሰባቸው ሦስት ሕሙማንን ገልጸዋል፤ በመደበኛ ፈተናዎች አብዛኛው ውጤታቸው ደህና ነበር። ገበያ ወጥተው ጥቂት ዕቃ እንዲገዙ፣ መረጃ እንዲያሰባስቡና በተወሰነ ሰዓት አንድ ቦታ እንዲገኙ ሲጠየቁ ግን ሥራውን አደባልቀውታል፣ ሕጎቹን ጥሰዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ጸጥታ አለ፣ ሥራው አንድ ነው፣ መቼ እንደሚጀመርና እንደሚቆም የሚናገረው መርማሪው ነው፤ ማለትም የማስፈጸሙን ሥራ መርማሪው ተክቶ ይሠራለታል። በ2013 የታተመ ግምገማ በፈተና ውጤትና ስለ ዕለት ኑሮ በሚሞሉ መጠይቆች መካከል ያለው ዝምድና መካከለኛው 0.19 ብቻ (ፍጹም ዝምድና 1 ነው) መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ይለካሉ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ተቀይሯል» ከማለት ይልቅ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ፦ ምን ሥራ፣ የት ላይ ተቋረጠ፣ ማን አስታወሰው፣ ሲታወስ ጨረሰው ወይስ አልጨረሰም።

ስለዚህ ጉዳይ የሚወጡ ጥናቶችን ሳነብ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ስንት ፈተና እንደተሰጠ ይመልከቱ። ወሰኑ ከአማካዩ አንድ መደበኛ ልይይት (የሰዎች ውጤት ከአማካዩ በተለምዶ የሚራራቅበት መጠን) በታች ሲሆን፣ በማንኛውም አንድ ፈተና ከጤነኞችም 16 በመቶው ከወሰኑ በታች ይወድቃል። አሥር ፈተና ከሰጡት ደግሞ አንድ ሁለቱ ላይ ዝቅ ማለት ለጤነኛ ሰው የተለመደ ነው። ፍራስካቲን የሚያስተቸው ይህ ነው፤ «ከታካሚዎች ይህን ያህሉ ተጎድተዋል» የሚል አኃዝ ሲያዩ በዕድሜ፣ በትምህርትና በኑሮ የሚመሳሰላቸው ጤነኛ ቡድን ስንት በመቶ እንደወደቀ ይፈልጉ። ያ ከሌለ አኃዙ ብዙ አይናገርም።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ያንኑ ፈተና ከወራት በኋላ የወሰደ ሰው ስለለመደው ብቻ ይሻሻላል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው የሕክምና ጥናት ይህን የመድኃኒቱ ውጤት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሦስተኛው፣ ማንኛውም የማስፈጸም ፈተና ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ስትሩፕ ላይ ቀለም ማየት፣ ማንበብና መናገር ይገቡበታል፤ ስለዚህ አንድ ፈተና ብቻ ተጠቅሞ «የመግታት ችሎታ ተጎዳ» የሚል ድምዳሜ ደካማ ነው። ከዚህም ሌላ፣ እንደ ስትሩፕ ያሉ ፈተናዎች የቡድን ልዩነት ጥሩ አድርገው ቢያሳዩም የአንድን ሰው ደረጃ በድጋሚ ሲለኩ ውጤቱ ይዋዥቃል፤ በ2018 ሄጅና ባልደረቦቹ በዝርዝር አሳይተውታል። በቡድን የተገኘን ውጤት በቀጥታ ራስዎ ላይ አይለጥፉ።

በመጨረሻም የምክንያትና ውጤት አቅጣጫ። በአንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ጥናት የማስፈጸም ችግር ያለባቸው የስኳር ሕሙማን ስኳራቸው ከፍ ያለ መሆኑን ሲያሳይ፣ ስኳሩ አእምሮውን ጎድቶት ይሁን ወይስ የተዳከመው አእምሮ መድኃኒቱን ማስተዳደር አቅቶት መለየት አይቻልም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰውየው ራሱ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ምን እናድርግ?

ራስን መታዘብም የማስፈጸም ችሎታ አካል ስለሆነ፣ ጉዳቱ የጉዳቱን ግንዛቤ ጭምር ሊወስደው ይችላል። ይህ ክህደት ወይም ኩራት አይደለም፣ በክርክርና በማስረጃ ብዛትም አይፈታም፤ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ጠብ ነው። ከችግሩ ስም ይልቅ እሱ የሚፈልገውን ግብ ይዘው ይግቡ። «አእምሮህ ተዳክሟል፣ እንመርመር» ከማለት «ግፊትህን ዘንድሮ አላየነውም፣ አብረን እንሂድ» ማለት በር ይከፍታል፤ ማስታወሻዎን ለሐኪሙ አስቀድመው ይስጡት እንጂ በሰውየው ፊት አይዘርዝሩት።

ዝምታና ፍላጎት ማጣት ካለ ድባቴ ነው ወይስ የተነሳሽነት መጥፋት የሚለውን ማጣራት ያስፈልጋል። በድባቴ የተያዘ ሰው ያዝናል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ተነሳሽነቱ ብቻ የጠፋበት ሰው ግን ምን እንደተሰማው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሐዘንም አይታይበትም፤ የጎደለው ግፊቱ ነው። የሁለቱ ሕክምና ይለያያል፣ ሁለተኛውን ለማከም የድባቴ ክኒን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሰው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከተናገረ ግን ልዩነቱን ለመለየት አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።